ከዚራ ያለ አንድ ላቦራቶሪ እና የሰባት ወር የቤታ ኤችሲጂ ክትትሌ

ይህ ጽሑፍ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ አንድ የግል ላቦራቶሪ ላለፉት ሰባት ወራት ስላገኘሁት የደም ምርመራ አገልግሎት ነው። ምርመራው ቤታ ኤችሲጂ ይባላል፤ የእንግዴ ልጅ ህዋስ የሚያመነጨውን ኤችሲጂ የተባለ ሆርሞን ይለካል፤ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በእርግዝና ምርመራነቱ ነው። እኔ ግን ወደዚያ ቤት የተመላለስሁት ማርገዜን ለማወቅ ሳይሆን፣ በማኅፀኔ ውስጥ ያለ ልክ አድጎ የነበረው የእንግዴ ልጅ ህዋስ ከተወገደ በኋላ ርዝራዥ አስቀርቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። የላቦራቶሪውን ስም አልጠቅስም፤ ለአንድ ቤት ማስታወቂያ ከመሆን ይልቅ፣ እንደ እኔ ያለ ችግር የገጠማት ሴት በየትኛውም ከተማ ያለ ላቦራቶሪ ስትገባ ምን መጠየቅ እንዳለባት ብታውቅ ይሻላል ብዬ ስላመንሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በየካቲት ነው። የወር አበባዬ ከቀረ ወዲህ፣ በሐኪም አቆጣጠር፣ አሥረኛ ሳምንቴን ይዤ ነበር። ማቅለሽለሹ ከመጀመሪያ ልጄ ጊዜ ጋር የሚወዳደር ባለመሆኑ ውኃ እንኳ አልረጋ አለኝ፤ ቁጭ ባልሁበት ልቤ ይመታል፤ ጠመኔ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሆዴም የአራት ወር ያህል ገፍቶ ነበር። ቡናማ ደም መታየት ሲጀምር በሰፈሬ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። ሽንቴን ወስደው በስትሪፕ አዩና «እርግዝና የለም፤ የሆርሞን መዛባት ነው» ብለው መድኃኒት ጽፈው ሸኙኝ። እኔም ማርገዜን በሰውነቴ እያወቅሁ፣ ወረቀቱ «የለም» ስላለ ብቻ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቴ ተቀመጥሁ።

ያ ስትሪፕ ለምን እንደተሳሳተ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ከክሊኒኩ ጋር መጣላት ሳይሆን ሌላ ሴት በዚሁ እንዳትታለል ስለምፈልግ ላብራራው። በእርግዝና ስትሪፕ ላይ ሁለት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላት አሉ፤ አንደኛው መስመሩ ላይ ተተክሎ የሚጠብቅ ነው፤ ሁለተኛው ቀለም ተሸክሞ ከሽንቱ ጋር የሚሄድ ነው። ኤችሲጂ የተባለው ሆርሞን በመካከላቸው ገብቶ ሁለቱን ሲያያይዝ መስመሩ ቀለም ይይዛል። ሆርሞኑ ከልክ በላይ ሲበዛ ግን የተተከለውም ቀለም የተሸከመውም እያንዳንዱ የየራሱን ሆርሞን ይዞ ይሞላል፤ የሚያገናኛቸው ስለሚጠፋ መስመሩ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይወጣም። ስለዚህ እጅግ የበዛ ሆርሞን «የለም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ናሙናውን አቅጥኖ እንደገና ማየት ነው። ሆዷ ገፍቶ፣ እያስመለሳትና ደም እየታያት የመጣች ሴት ስትሪፕ «ኔጋቲቭ» ሲላት ይህን ማሰብ የባለሙያው ድርሻ ነው።

ወደ ከዚራው ላቦራቶሪ የሄድሁት ባለቤቴ አስገድዶኝ ነው። ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት ከሳቢያን ባጃጅ ይዘን፣ በእነዚያ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አልፈን ደረስን። ደም ከሰጠሁ በኋላ ውጤቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል ተብለን ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠብቀን ግን አልተጠራንም። ባለቤቴ ሊቆጣ ሲነሣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ራሷ ወጥታ መጣች። በድሬ ልማድ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» ማለት ነውር ስላይደለ፣ እንደ ታላቅ እህት አጠገቤ ተቀምጣ «ስላስቆየሁሽ ይቅርታ። ማሽኑ ሊለካው ከሚችለው በላይ ነው የወጣው። ‹ከዚህ በላይ› ብዬ ጽፌ ብሰጥሽ ለሐኪምሽ ምንም አይጠቅመውም፤ አቅጥኜ ደግሜ እየለካሁት ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ» አለችኝ። ይህን ላቦራቶሪ ማመን የጀመርሁት በዚያች ደቂቃ ነው።

ውጤቱ 640,000 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት በሚሊ ሊትር ነበር። በጤናማ እርግዝና ሆርሞኑ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከ8ኛው እስከ 11ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ 100,000 አካባቢ ነው፤ መንታ ሲሆን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ባለሙያዋ የበሽታ ስም አልጠራችም፤ እንዲህ ነው እንዲያ ነውም አላለችም። «ይህን ቁጥር ይዘሽ ዛሬውኑ አልትራሳውንድ ታዪ፤ ነገ አትበዪ» ብላ፣ እዚያው ስልክ አንሥታ የማኅፀን ሐኪም ጋር ደወለችልኝ። የላቦራቶሪ ሰው ድርሻው የቱ ድረስ እንደሆነ አውቆ፣ በዚያ ድርሻ ውስጥ ግን ምንም ሳያጓድል ሲሠራ ያየሁት ያኔ ነው።

አልትራሳውንዱ ላይ ሽል የለም፤ የልብ ምት የለም፤ ማኅፀኔ በትናንሽ ውኃ የቋጠሩ ፊኛዎች ተሞልቷል። ሐኪሙ ምስሉ በሕክምና መጻሕፍት ከሚዘንብ በረዶ ጋር እንደሚመሳሰል፣ ሲወጣም የወይን ዘለላ እንደሚመስል ነገረን፤ ድሬ ተወልጄ ላደግሁት ለእኔ ግን ወንፊት ላይ የተነጠፈ ማሽላ ነው የመሰለኝ። ስሙ ሞላር እርግዝና ነው። በሙሉ ሞላር እርግዝና እንቁላሏ የራሷን ክሮሞዞም ያጣች ስትሆን፣ ወደ ውስጧ የገባው የወንድ ዘር ብዙውን ጊዜ የራሱን ክሮሞዞም አጥፎ 46 ያደርሰዋል፤ ሽል አይበቅልም፤ የእንግዴ ልጅ ህዋስ ብቻ ያለ ገደብ ያድጋል። ከፊል ሞላር የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ጤናማ እንቁላል በሁለት የወንድ ዘር ስትዳብር የሚፈጠር 69 ክሮሞዞም ያለው እርግዝና ነው። አማቴ «ልጄ፣ ምን በልተሽ ነው? ምን ተሸክመሽ ነው?» እያሉ ያለቅሱ ስለነበር፣ ሐኪሙ ከምግብም ከሥራም ከቡዳም እንዳልመጣ፣ ዘር ከእንቁላል በተገናኘባት ቅጽበት የሆነ ነገር መሆኑን ለእርሳቸው ደግሞ ደጋግሞ አስረዳቸው። ለዚህ አሁንም አመሰግነዋለሁ፤ በየቤቱ ስንት ሴት በሌለባት ጥፋት ራሷን ስትወቅስ እንደኖረች አስባለሁና።

በማግስቱ የደንገጎን ዳገት ወጥተን፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ሐረር ሆስፒታል ተኛሁ። ከመሄዴ በፊት ግን ሐኪሙ ያዘዛቸውን ሌሎች ምርመራዎች ያ ላቦራቶሪ በአንድ ከሰዓት ሠርቶ ሰጥቶኛል። የደም መጠኔ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ የደም ዓይነት እና የታይሮይድ ሆርሞን ናቸው። የታይሮይዱ ነገር ለእኔ አዲስ ነበር። ኤችሲጂ አልፋና ቤታ ከሚባሉ ሁለት ክፍሎች የተሠራ ሲሆን፣ የአልፋው ክፍል ታይሮይድን ከሚያዘው ሆርሞን አልፋ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ መላ ቅርጹም ስለሚቀራረብ ኤችሲጂ ያን ያህል ሲበዛ ታይሮይድን በራሱ መቀስቀስ ይጀምራል። ልቤ ይመታ የነበረው፣ እጄም ይንቀጠቀጥ የነበረው ለዚህ ነው። ይህ ሳይታወቅ ማደንዘዣ ቢሰጠኝ አደጋ ስለነበረው፣ ውጤቱ ይዤው መሄዴ ሐረር ላይ ቀን እንዳይባክን አድርጓል። ምርመራው «ቤታ» የሚለውን ስም ይዞ የቀረውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ አልፋው ከሌሎች ሆርሞኖች ጋር የጋራ በመሆኑ፣ ኤችሲጂን ለይቶ የሚያሳውቀው የቤታው ክፍል ነው።

የደሜ ዓይነት ኦ ኔጋቲቭ ሆኖ በመገኘቱ፣ ማኅፀኔ በመምጠጫ መሣሪያ ከተጸዳ በኋላ ሕዝቡ የሾተላይ መርፌ የሚለውን ተወጋሁ። ሙሉ ሞላር ከሆነ መርፌዋ ላታስፈልግ ትችላለች፤ ነገር ግን መርፌዋ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት ስላለባት፣ የወጣው ህዋስ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም። ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙሉ ሞላር ሆኖ መጣ።

ከዚህ በኋላ ነው ትክክለኛው ክትትል የጀመረው። ከ100 ሙሉ ሞላር እርግዝናዎች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት፣ ከፊል ከሆነ ደግሞ ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ማኅፀን ከተጸዳ በኋላም የቀረው ህዋስ ማደጉን ይቀጥላል፤ ወደ ሳንባና ወደ ሌላ አካል ሊዛመትም ይችላል። ማን ላይ እንደሚቀጥል አስቀድሞ የሚጠቁሙ ነገሮች አሉ፦ ከማጽዳቱ በፊት ሆርሞኑ ከ100,000 ማለፉ፣ ማኅፀን ከሳምንቱ በላይ ትልቅ መሆኑ፣ እንቁልጢ (እንቁላል የሚያመርተው ክፍል) ላይ ከ6 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ውኃ የቋጠረ እባጭ መኖሩ፣ ዕድሜ ከ40 ማለፉ። እኔ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነበሩ። ይሁን እንጂ እነዚህ ጥቆማ ናቸው እንጂ ፍርድ አይደሉም፤ ፍርዱን የሚሰጠው በየሳምንቱ የሚለካው ሆርሞን ነው። ለአንድ ዕጢ ከዚህ የተሻለ የደም ምልክት ሕክምናው እንደሌለው ሐኪሞቹ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ በሽታው ቢቀጥል እንኳ የሚድን መሆኑ ሕመምተኛዋን ያጽናናታል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሚን ቹ ሊ እና ሮይ ኸርዝ የተባሉ ሐኪሞች በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የዚህን ህዋስ ካንሰር በሜቶትሬክሴት ማዳናቸውን አሳወቁ፤ ተዛምቶ የነበረ ዕጢ በመድኃኒት ብቻ ሲድን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ዛሬ በጊዜ የተደረሰባቸው፣ ዝቅተኛ አደጋ ያለባቸው ሴቶች ሁሉም ማለት ይቻላል ይድናሉ፤ ብዙዎቹም ከዚያ በኋላ ይወልዳሉ። በጊዜ ለመድረስ ግን ሳምንታዊው ቁጥር የሚታመን መሆን አለበት፤ ላቦራቶሪውን የምመዝነውም በዚህ ነው።

አንድ ብቻውን የቆመ የኤችሲጂ ቁጥር ለእንደ እኔ ያለች ሴት እምብዛም ትርጉም የለውም። ትርጉሙ ያለው በተከታታይ ነው፦ ያለፈው ሳምንት ስንት ነበር፣ ዛሬ ስንት ሆነ። ተከታታዩ ደግሞ ተከታታይ የሚሆነው በአንድ ዓይነት ማሽን፣ በአንድ ዓይነት ሪኤጀንት (የመለኪያ ኬሚካል) ከተለካ ነው። የከዚራው ላቦራቶሪ ገና በሁለተኛው ቀጠሮዬ በስሜ ካርድ አወጣልኝ፤ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ናሙናው ተቅጥኖ ከሆነ ስንት እጥፍ እንደተቀጠነ፣ የሪኤጀንቱን መለያ ቁጥር ሳይቀር ይጽፍበታል። ደም በምሰጥ ቁጥር የፀጉር ወይም የጥፍር ማሳመሪያ እንክብል እየወሰድሁ እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ በእነዚያ እንክብሎች ውስጥ የሚበዛው ባዮቲን አንዳንድ ማሽኖችን አሳስቶ ሆርሞኑን ከሆነው በታች አድርጎ ያስነብባልና። ይህን ጥያቄ ከሌላ ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

ቁጥሮቼን ልጻፍ፤ የሚያነቡ ሴቶች አወራረዱ ምን እንደሚመስል እንዲያዩት። ከጸዳሁ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት 21,400፤ በሁለተኛው 3,150፤ በሦስተኛው 720፤ በአራተኛው 230፤ በአምስተኛው 88። በስድስተኛው 84 ሆነ። በሰባተኛው 82።

ያን ሰባተኛ ሳምንት አልረሳውም። ሚያዝያ አልፎ ግንቦት ገብቷል፤ የድሬ ሙቀት ሌሊትም አያስተኛም፤ እኔ ደግሞ ካርዴን ይዤ የሦስቱን ቁጥሮች ልዩነት ስቀንስና ስደምር አነጋለሁ። ዓለም አቀፉ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ያወጣው መመዘኛ ግልጽ ነው፦ ሆርሞኑ በሦስት ሳምንት ውስጥ በተወሰዱ አራት ልኬቶች ከ10 በመቶ ባልበለጠ ልዩነት አንድ ቦታ ላይ ከቆመ፣ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በተወሰዱ ሦስት ልኬቶች ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ፣ በሽታው ቀጥሏል ተብሎ ወደ መድኃኒት ይገባል። እኔ ሦስት የቆሙ ልኬቶች ነበሩኝ፤ የቀረኝ አራተኛው ብቻ ነው።

ባለሙያዋ ሁለት ነገር አደረገች። በመጀመሪያ ያለፈውን ሳምንት የተረፈ ሴረም (ከደም ተለይቶ የሚወጣውን ፈሳሽ) ከማቀዝቀዣ አውጥታ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ለካችው፤ ልዩነቱ የማሽኑ መዋዠቅ እንዳይሆን ነው። ቀጥላ ሽንት ጠየቀችኝ። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ አንዳንድ ሰው በደሙ ውስጥ የማሽኑን ኬሚካል የሚያሳስት ፀረ እንግዳ አካል እንዳለው፣ በዚህ የተነሣ የሌለ ሆርሞን ያለ መስሎ ለወራት በአነስተኛ ቁጥር ሊቆም እንደሚችል፣ ያ አካል ግን ትልቅ በመሆኑ ወደ ሽንት እንደማያልፍ ነገረችኝ። ሽንቱም ላይ ሆርሞኑ ስለተገኘ ቁጥሬ እውነተኛ ነበር። ይህን ሳይመረምሩ በሐሰተኛ ቁጥር ምክንያት ያለ በሽታቸው የካንሰር መድኃኒት የተሰጣቸው፣ ማኅፀናቸው የወጣ ሴቶች በሌላው ዓለም እንደነበሩ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በስምንተኛው ሳምንት 35 ሆነ። ወረቀቱን አይቼ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፤ ባለሙያዋም ጓንቷን ሳታወልቅ አቀፈችኝ።

በዘጠነኛው ሳምንት ሪኤጀንት አለቀ። ይህ በአገራችን ላቦራቶሪዎች የሚደርስ ነገር ነው፤ ዕቃው ከውጭ የሚገባ፣ እስኪደርስም በቀዝቃዛ መያዝ ያለበት ነውና። ቅሬታ የለኝም አልልም፤ አስቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ በአንድ ቀን ቀድሜ እመጣ ነበር። ደሜን ወስደው ሴረሙን ለይተው እንደሚያስቀምጡልኝ፣ ሆርሞኑም በማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ሳይበላሽ እንደሚቆይ ነገሩኝ። እኔ ግን መታገሥ አቅቶኝ በዚያው ቀን ሌላ ላቦራቶሪ ሄጄ አስለካሁ። 41 አሉኝ። ከ35 ወደ 41! ከአራት ቀን በኋላ የከዚራው ሪኤጀንት ደርሶ ያው የዚያን ቀን ደሜ ሲለካ ግን 19 ነበር። ሁለተኛው ላቦራቶሪ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ሆርሞኑ በደም ውስጥ የሚገኘው በአንድ መልክ ብቻ አይደለም፤ ሙሉው አለ፣ የተሰበረው አለ፣ ተነጥሎ የቀረ ቤታ አለ፤ አንዱ ማሽን የሚይዘውን ሌላው ላይዝ ይችላል፤ በተለይ በእንዲህ ዓይነቱ በሽታ የተሰባበረው መልክ ይበዛል። ስለዚህ የሁለት ቤት ቁጥር በአንድ መስመር አይጻፍም። ሐኪሜም 41ን ከተከታታዩ አውጥቶ ጣለው። ከዚያ በኋላ 8፣ 3.9፣ 2.2፣ በመጨረሻም ከ2 በታች ሆነ። ከ5 በታች የሆኑ ሦስት ተከታታይ ሳምንታት ስለተሟሉ በሰኔ ወደ ወርኃዊ ክትትል ተዛወርሁ።

አሁን ስለ ጉድለቱ። ይህ ቤት በመለካቱ የተመሰገነውን ያህል በመቀበሉ አይመሰገንም። መዝገብ ላይ የሚቀመጠው ወጣት ትእዛዙን አይቶ በአራተኛው ሳምንት፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ «እንኳን ደስ ያለሽ! ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ቤታ ኤችሲጂ ሲታዘዝ የሚያውቀው ለነፍሰ ጡር ነው። እኔ ግን መልስ ሳልሰጥ ወጥቼ መንገድ ላይ አለቀስሁ። ይህን ለባለሙያዋ ከነገርኋት በኋላ ካርዴ ላይ ትንሽ ቀይ ምልክት ተደረገ፤ ሁለተኛም አልደረሰብኝም። ነገር ግን ምልክቱ የተደረገው እኔ ስለተናገርሁ ነው፤ ላልተናገረችዋ ማን ያደርግላታል? መቀመጫውም አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ልጅ ያጣች ሴት ከሕፃን ታቃፊዎችና ከነፍሰ ጡሮች መካከል ተቀምጣ ትጠብቃለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ቢያስገቡን ወጪ የሌለው መፍትሔ ነበር።

የውጤት ወረቀቱም መስተካከል አለበት። ከቁጥሩ ጎን የሚታተመው ማነጻጸሪያ የእርግዝና ሳምንታት ሠንጠረዥ ነው፤ ባለቤቴ በሦስተኛው ሳምንት 720ን ከሠንጠረዡ ጋር አስተያይቶ «እንደገና አረገዝሽ እንዴ?» ብሎ ደንግጧል። ለክትትል የመጣች ሴት ወረቀት ላይ ማነጻጸሪያው ያለፈው ውጤቷ ሊሆን ይገባል። መለኪያውም አንዳንድ ቀን ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት በሚሊ ሊትር፣ አንዳንድ ቀን ኢንተርናሽናል ዩኒት በሊትር ተብሎ ይታተማል፤ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ነገር ግን ይህን ያልነገሯት ሴት ትጨነቃለች።

ዋጋው ከተማው ውስጥ ከጠየቅኋቸው ሌሎች ሁለት ቤቶች በትንሹ ይበልጣል፤ ለማቅጠንና ለድጋሚ ልኬት ግን ተጨማሪ አላስከፈሉኝም። ለአንድ ቀን የሚከብድ ባይሆንም ለአሥራ ሦስት ሳምንት በየሳምንቱ ሲከፈል የመምህር ደመወዝ ላይ ይታያል። ከገጠር ለምትመጣ ሴት የመጓጓዣው ሲጨመርበት፣ ክትትሉን የምታቋርጥበት ዋናው ምክንያት ይህ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ለክትትል ታካሚዎች በጥቅል ዋጋ እንዲያደርጉ ጠይቄያቸዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጡኝም።

ሌላም ያየሁትን ልጨምር። የአጎቴ ልጅ ሁለት ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሲሆን፣ በሦስተኛው እርግዝናዋ የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ የማኅፀኗን በር ሸፍኗል ተባለ። የእንግዴ ልጅ በድሮው ጠባሳ ላይ ሥር ሰድዶ ወደ ማኅፀን ሥጋ ሊገባ እንደሚችል ሰምታ፣ «ያንቺ ላቦራቶሪ ጥሩ ነው፤ በደም ይዩልኝ» ብላ ይዣት ሄድሁ። ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሰው አንድ ሁለት ምርመራ ጽፎ መቀበል ቀላል ነበር። ባለሙያዋ ግን፣ አልፋ ፌቶፕሮቲንን የመሰሉ አንዳንድ የደም ምልክቶች በእንዲህ ዓይነት እርግዝና ከፍ ሊሉ ቢችሉም፣ ችግሩ አለ ወይም የለም ብሎ የሚወስን የደም ምርመራ እንደሌለ፣ የሚያሳየው በልምድ ባለው ሐኪም የሚሠራ አልትራሳውንድ መሆኑን ነግራ መለሰቻት። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ የእንግዴ ልጁ በሩን ከሸፈነ፣ በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ከ100 ሴቶች በ3፣ በሁለተኛው በ11፣ በሦስተኛው ግን በ40 ሴቶች ላይ ሥር ሰድዶ ተገኝቷል። የአጎቴ ልጅ በቂ ደም ተዘጋጅቶላት፣ ቀን ተቆርጦላት ሐረር ወለደች፤ ማኅፀኗ ቢወጣም እርሷም ልጇም ደኅና ናቸው።

ይህን የምጽፈው በጥቅምት ነው። ከሰኔ ወዲህ በየወሩ የተለካው ሁሉ ከ2 በታች ነው። አዲሱ የፌዴሬሽኑ ምክር ለሙሉ ሞላር ሆርሞኑ ከወረደ በኋላ ሦስት ወር፣ ለከፊል አንድ ወር ይበቃል የሚል ሲሆን፣ የእኔ ሐኪም ግን አነሣሤ ከፍተኛ ስለነበር ስድስት ወር እንዲሞላ ፈልጓል፤ እኔም ተስማምቻለሁ። እስከዚያ የወሊድ መከላከያ እወስዳለሁ፤ ባረግዝ ሆርሞኑ ይነሣና የበሽታው ይሁን የእርግዝናው መለየት ያስቸግራል። ሞላር የመድገም ዕድሌ ከ100 አንድ ገደማ መሆኑ ተነግሮኛል፤ ቀጥሎ ባረግዝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልትራሳውንድ እታያለሁ፤ ከወሊዱም ከስድስት ሳምንት በኋላ ሆርሞኑን አንድ ጊዜ አስለካለሁ።

ላቦራቶሪው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ይከፍታል፤ በበጋው ሙቀት ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ይዘጋል። ለዚህ ምርመራ መጾም አያስፈልግም። ስትሄጂ ያለፉትን ውጤቶችሽን በሙሉ ያዢ፤ መዝገብ ላይ ላለው ወጣት «የክትትል ነኝ፣ ነፍሰ ጡር አይደለሁም» በዪው። ቁጥሩ «ከዚህ በላይ» ተብሎ ከተጻፈልሽ ተቅጥኖ እንዲደገም ጠይቂ። ለእኔ የቀሩኝ ሁለት ቀጠሮዎች ናቸው፤ አንዱ በኅዳር፣ አንዱ በታኅሣሥ።